የመንግሥት ስሙና ግብሩ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ስለ ልዩ ልዩ የመንግሥት ዓይነቶች ስሞች ነው። ጉዳዩ ለጊዜው የተማሪ ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በእርሻው የሚውለውን፥ በገበያ የሚነግደውን፥ በመሥሪያ ቤት የሚጽፈውን ሰው ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜያችሁን ትሰጡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

በልጅነቴ በኩታበር ስማር፥ አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን በሰሌዳው ላይ ስድስት ቃላት ጻፉልን። ቃላቱም ሞናርኪ፥ አሪስቶክራሲ፥ ኦሊጋርኪ፥ ዲክታተርሺፕ፥ ዴሞክራሲና ሪፑብሊክ የሚሉ ነበሩ። ትርጕማቸውንም በቃላችን አጥንተን እንድንመጣ አዘዙን። ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳጠና አያቴ ሰሙኝና፥ «ይህ ሪፑብሊክ የምትለው ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የተማርሁትን በኵራት፥ «ንጉሥ የሌለበት መንግሥት ነው፥ አባባ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ንጉሥ ከሌለ መንግሥቱ ከወዴት ይመጣል?» አሉኝ።

አያቴ የንጉሠ ነገሥቱንም የደርግንም ከዚያም በኋላ የመጣውንም ጊዜ ያዩ ሰው ስለ ነበሩ፥ ጥያቄያቸው ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። እኔ ግን በልጅነት ልቤ ሳቅሁ። የጥያቄው ክብደት የገባኝ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

መንግሥት የሚለው ቃላችን ከግእዝ የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ ነግሠ የሚለው ግሥ ነው። ንጉሥ፥ ንግሥት፥ ንግሥና መንግሥት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ በቋንቋችን የአገር አስተዳደርን ሁሉ የምንጠራበት ስም በውስጡ ዙፋንን ይዞ ይኖራል ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋናቸው ያወረደው ደርግ፥ ከጥቂት ወራት በኋላም በመጋቢት ወር የንጉሥነትን ሥርዓት ጨርሶ ቢሽረው፥ ራሱን የጠራው ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት ብሎ ነው። ዘውዱን ከራስ ላይ ያወረደው ወገን፥ ቃሉን ግን ከአንደበቱ ሊያወርደው አልቻለም። የአገሪቱን መሠረታዊ ሕግም እስከ ዛሬ ድረስ የምንጠራው ሕገ መንግሥት ብለን ነው። ስለዚህ ያያቴ ጥያቄ የቋንቋውን ሥር የነካ ትክክለኛ ጥያቄ ነበረ።

እዚህ ላይ፥ የእንግሊዝኛው ቃል ከኛው ይልቅ የጠራ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ይኖር ይሆናል። እንግሊዞችም ቢሆኑ እነዚያን ስድስት ቃላት ከራሳቸው አላፈለቋቸውም። ሞናርኪ በግሪክ ቋንቋ የአንድ ሰው አገዛዝ፥ አሪስቶክራሲ የምርጦች አገዛዝ፥ ኦሊጋርኪ የጥቂቶች አገዛዝ፥ ዴሞክራሲ የሕዝብ አገዛዝ ማለት ነው። ሪፑብሊክ ከሮማውያን ቋንቋ ከላቲን የተወረሰ ሲሆን፥ የሕዝብ ጉዳይ እንደ ማለት ነው። ዲክታተርም በጥንቱ የሮማ ሕግ የክፉ ስም አልነበረም፤ አገር በጭንቅ ላይ ስትወድቅ ከስድስት ወር ለማይበልጥ ጊዜ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ሹም ስም ነበረ። እንግሊዞች መንግሥትን የሚጠሩበት ጋቨርንመንት የተባለው ቃል እንኳ፥ ከሥሩ ሲመረመር፥ የመርከብን መሪ ይዞ አቅጣጫ ማስያዝ ማለት ሆኖ ይገኛል። የባሕር ዳር ሰዎች የፈጠሩት ቃል መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ መንግሥታትን በስድስት ሲከፍል ሁለት ጥያቄዎችን ብቻ መለኪያ አድርጎ ነበር። የመጀመሪያው፥ የሚገዙት ስንት ናቸው? አንድ ነው፥ ጥቂቶች ናቸው፥ ወይስ ብዙዎች? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ የሚገዙት ለሁሉ ጥቅም ነው ወይስ ለራሳቸው? የሚል ነው። የሚያስገርመው ነገር፥ ዴሞክራሲ የሚለውን ስም የሰጠው ከበጎዎቹ ወገን ሳይሆን ከተበላሹት ወገን ለቈጠረው መንግሥት መሆኑ ነው። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ዴሞክራሲያዊ አይደለሁም የሚል መንግሥት በብርቱ ፈልጎ የሚገኝ ነው። እንግሊዞችም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. ንጉሣቸውን ቀዳማዊ ቻርልስን በሞት ቀጥተው እስከ 1660 ድረስ ያለ ንጉሥ ሲኖሩ፥ መንግሥታቸውን ኮመንዌልዝ አሉት፤ የጋራ ደኅንነት እንደ ማለት ነው። እነርሱም እንደ አያቴ፥ ንጉሥ የሌለውን መንግሥት በምን ስም እንጥራው ብለው ተቸግረው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ስለ መንግሥት የሚናገርበት ቃል አያንሰውም። ገዛ የሚለውን ግሥ ብንመለከት፥ በኩታበር ገበያ በግ የሚገዛውም፥ በአዳራሽ ተቀምጦ አገር የሚገዛውም በዚሁ በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ገንዘብ አድርጎ መያዝ የሚል አሳብ በሁለቱም አለበት። አስተዳደረ የሚለው ግሥ ግን ከሌላ ሥር የበቀለ ነው፤ ሥሩ አደረ ነው። ሰው በሰላም እንዲያድርና ነገም ኑሮውን እንዲቀጥል ማድረግ ማለት ነው። በመግዛትና በማስተዳደር መካከል ያለውን ልዩነት ቋንቋው ራሱ አስቀምጦልናል።

ሕግ ሳይገታው እንደ ወደደ የሚቀጣውን ሹም ሕዝባችን ፈላጭ ቈራጭ ይለዋል። ግሪኮች ቲራን የሚሉትን ደግሞ አምባገነን እንለዋለን፤ በአምባው ላይ የገነነ ማለት ነው። ይህን ቃል ለመረዳት የወሎ ሰው መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። ዙሪያው ገደል የሆነ፥ መውጫው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆነ አምባ ምን እንደ ሆነ በዓይኑ ያውቀዋል። የኩታበር ጎረቤት በሆነው በአምባሰል ምድር የምትገኘው ግሸን፥ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተለይተው የሚጠበቁባት አምባ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያረፉት በመቅደላ አምባ ላይ ነው። አምባ ለያዘው ሰው መከታ ነው፤ ከታች ላለው ግን ወጥቶ አቤት የማይልበት ስፍራ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረትም ይህንኑ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ታሪኩ የሚያስደንቀኝ እንደራሴ የሚለው ቃል ነው። እንደ ራሴ ከሚለው የመጣ ሲሆን፥ በጥንቱ ልማድ ንጉሡ በስፍራው ተተክቶ እንዲሠራለት የሚሾመው ሰው ስም ነበረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ንግሥት ዘውዲቱ ሲሰየሙ፥ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው ነበር። በዚያ ጊዜ «ራሴ» የሚለው ዘውዱ ነበረ ማለት ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተፈረመ። ያረቀቁት በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፥ በብዙው የተከተሉትም በፈረንጆች አቈጣጠር የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። በዚህም ሕግ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። ሆኖም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ፥ የሕግ መምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ሆኑ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በወጣ ጊዜ ይህ ተለወጠና፥ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን በድምፁ መረጠ። ከዚህ በኋላ «ራሴ» የሚለው መራጩ ገበሬ ሆነ። ከላይ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ቃል ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

ነገር ግን ቃሉ ቢዞርም ሥልጣኑ አብሮ አልዞረም። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ሚኒስትሮችንም የሚሾሙና የሚሽሩ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፥ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ያው ሕግ ደነገገ። አብነት የሆነችን ጃፓን ግን ቀደም ብላ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. በጸናው በአዲሱ ሕጓ፥ ንጉሠ ነገሥቷን የአገር ምልክት አድርጋ አስቀርታ የበላይ ሥልጣኑን ለሕዝቡ አስተላልፋ ነበር።

በደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ የገዥዎች ስም ሲለዋወጥ ማየት አዲስ ነገር አልነበረም። የወረ ሂመኖ ገዥዎች ኢማም ይባሉ ነበር። ከነዚህም ወገን የሆኑት መሐመድ ዓሊ፥ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉበት ጊዜ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ሳሉ በደሴ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ኢማምም፥ ራስም፥ ንጉሥም ተባለ። በቀዬው ላለው ገበሬ ግን ቀጥታ የሚገናኘው ከጭቃ ሹሙ ጋር ስለ ነበረ፥ የሚጠይቀው ግብር የሚሰበስበው ማን ነው፥ ዳኝነት የሚያየውስ ማን ነው? ብሎ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላም፥ ጭቃ ሹሙ ሄዶ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር መጣ። ፊውዳል፥ ኢምፔሪያሊዝም፥ ኅብረተሰባዊነት የሚባሉ ቃላትም በአንድ ዓመት ውስጥ በየመንደሩ ስብሰባ ተዘሩ። ብዙ ሰው ትርጕማቸውን ሳይጠይቅ ማጨብጨብን ተማረ።

አድማጮች ሆይ፥ ስለ ስም ይህን ያህል ከተናገርሁ፥ አሁን ስለ ግብር ልናገር። የመንግሥትን ስም ከግብሩ ለይቶ የሚያሳይ ምስክር ቢፈለግ ወሎ ሁለት ጊዜ መስክሯል።

የመጀመሪያው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የሆነው ረኃብ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ፓርላማ ነበረ፤ የተመረጡ እንደራሴዎችም ነበሩ። ሆኖም በአሥር ሺሕ የሚቈጠር የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ በመንግሥት ተሸሸገ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ጕዱን አየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ይህን ረኃብ መርምረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፥ በዚያ የመከራ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበረ። ሕዝቡ ያለቀው በአገሩ እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፥ አዝመራው ጠፍቶበት ከብቱም አልቆበት የሚገዛበት ስላጣ ነው። ለረኃብተኛው የሚናገርለትም አልነበረም።

ሁለተኛው የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ነው። ዘውዱ ከወረደ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። በመስከረም ወር በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ የሠራተኞች ፓርቲም ሲመሠረት፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ሕዝቡ በየሜዳው ይሞት ነበር። በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ ሙሐመድ አሚን ያነሡት ፊልም ለዓለም እስኪታይ ድረስ ብዙው የውጭ አገር አላወቀም ነበር። እንግዲህ መንግሥቱ ዘውዳዊም በተባለ ጊዜ፥ ሕዝባዊም በተባለ ጊዜ፥ የወሎ ገበሬ መራቡን ለዓለም የነገረለት የባዕድ ካሜራ ነው። ሴንም በኋላ ባወጡት ጽሑፍ፥ ምርጫና ነጻ ጋዜጣ ባለበት፥ ሕዝብ ሹሙን በሚጠይቅበት አገር ታላቅ ረኃብ ደርሶ አያውቅም ብለው ተከራከሩ።

ከዚያም በኋላ ስሞች መምጣታቸውን አላቋረጡም። በ1979 ዓ.ም. አገሪቱ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ተባለች። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ ስም አብሮ ወደቀ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተባለች። ፌዴራል የሚለውም ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ቃል ኪዳን ማለት ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 12 ስለ መንግሥት አሠራርና ተጠያቂነት ይናገራል። ተጠያቂነት የተባለው ቃል በሕገ መንግሥት ላይ መጻፉ፥ ንጉሥ አይከሰስ ለሚለው ለጥንቱ ተረት የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ በወረቀት እንዳይቀር የሚያደርገው ግን ጠያቂው ሕዝብ ነው።

ስም ብቻውን እንደማይበቃ ከሌላውም ዓለም መማር ይቻላል። ብሪታንያ እስከ ዛሬ በንጉሥ ስም ትጠራለች፤ ሕግ የሚያወጣውና ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያወርደው ግን ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው። ሰሜን ኮሪያ በስሟ ዴሞክራሲያዊም፥ ሕዝባዊም፥ ሪፑብሊክም ናት፤ ነገር ግን ሥልጣኑ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ከአባት ወደ ልጅ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። ያያቴ ጥያቄ እዚያ ቢጠየቅ፥ ንጉሥ የለም ብሎ የሚመልስ ሰው ይቸገር ነበር።

ታዲያ ተራው ሰው መንግሥትን በምን ይለካ? መለኪያው ከሩቅ አገር የሚመጣ አይመስለኝም። በወሎ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚያነሣበት፥ ሐዘንተኛን የሚያጽናናበት፥ የተቸገረውን የሚረዳበት ነው። የቅሬ ዳኛ ይመረጣል፤ ዳኛውም ከአባላቱ ጋር ሆኖ የቀረውን ይቀጣል፥ የተጣላውን ያስታርቃል። አያቴ ብዙ ዘመን የሰፈራችንን ቅሬ ገንዘብ ያዥ ሆነው አገልግለዋል። ሒሳቡ በሚሰማበት ቀን በዛፍ ሥር ተቀምጠው፥ የገባውንና የወጣውን አንድ ባንድ ሲቈጥሩ ዓይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት መበለት ከኋላ ተነሥተው፥ የድንኳኑ ገንዘብ ለምን ጐደለ? ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ ወደ አያቴ ተመለከተ። እርሳቸው ግን አልተቈጡም፤ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ቈጠሩ። ስሕተቱም የራሳቸው ሆኖ ስለ ተገኘ ከኪሳቸው ተኩ። በሚመጣው ዓመትም እንደገና መረጧቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ፥ «አባባ፥ በሰው ፊት ስትጠየቁ አላፈራችሁም?» አልኋቸው። «የሚያሳፍረውስ ባይጠይቁኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ የኔ መሆኑ ነው» አሉኝ።

ያን ማታ በምድጃው ዳር ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱን ራሳቸው እንደ ሰጡኝ ዛሬ አውቃለሁ። ንጉሥ በሌለበት አገር መንግሥት የሚመጣው ገንዘቡም ሥልጣኑም የጋራ ነው ብሎ ከሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አድማጮች ሆይ፥ ከእንግዲህ አንድ አዲስ የመንግሥት ስም በሬዲዮ ስትሰሙ ወይም በጋዜጣ ስታነቡ፥ ቃሉ ከየትኛውም ቋንቋ ይምጣ፥ ሦስት ነገር ጠይቁት። ሥልጣኑን ማን ሰጠው? ለስንት ጊዜ ሰጠው? ሒሳቡንስ ለማን ያሰማል? ልጆቻችሁም እነዚያን ስድስት ቃላት በቃላቸው ሲያጠኑ ብትሰሙ፥ ትርጕሙን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ጥያቄዎች አብረው ያጥኑ። ቃሉን አውቆ ግብሩን የማይጠይቅ ሰው፥ ቃሉን ካላወቀው ሰው በምንም አይሻልም።

ለዛሬ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ። በሰላም እደሩ።